ደብተሩን ማን አቆየው? በሆሎኮስት ዘመን ወጣት አይሁዶች የጻፏቸው የዕለት ማስታወሻዎች

እ.ኤ.አ. በ1944 ፖላንድ ውስጥ፣ ሎድዝ በተባለች ከተማ፣ በጌቶ፣ ማለትም በታጠረ የአይሁዶች ሰፈር፣ የታጎረ አንድ ወጣት የሚጽፍበት ወረቀት አጣ። እጁ ላይ የነበረው ፍራንሷ ኮፔ የተባለ ፈረንሳዊ ደራሲ ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። ወጣቱ በዚያ መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ከሜይ እስከ ኦገስት ድረስ ጻፈ። አንዱን ቀን በፖሊሽኛ፣ ሌላውን በይዲሽ፣ ሌላውን በዕብራይስጥ፣ አንዳንዴም በእንግሊዝኛ። መጀመሪያ ያሰፈረው የገዛ ራሱን ጥፋት ነበር፦ ለስምንት ቀን የተሰጠውን ዳቦ በሦስት ቀን በልቶ ጨርሶት አፈረ። አብራው የነበረችው የ12 ዓመት እህቱ ነበረች። መጽሐፉ ዛሬ ኢየሩሳሌም በሚገኘው ያድ ቫሼም በተባለው የመታሰቢያ ተቋም ተቀምጧል። የጸሐፊው ስም ግን እስከ ዛሬ አይታወቅም።

እንዲህ ያሉ ማስታወሻዎች ብዙ ናቸው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ አሌክሳንድራ ዛፕሩደር የወጣቶችን ማስታወሻዎች ሰብስባ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመች ጊዜ፣ ዓለም የሚያውቀው የአና ፍራንክን ብቻ ይመስል የነበረው ነገር ከ50 በላይ ደብተሮች ያሉት ሆኖ ተገኘ። ከዚያም ወዲህ ሌሎች ተጨምረዋል።

ስለ እነዚህ ደብተሮች ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወሳው የጸሐፊዎቹ ድፍረት ነው። ተገቢ ነው። እኔ ግን ዛሬ ማተኮር የምፈልገው እምብዛም በማይጠየቅ ጥያቄ ላይ ነው፦ ከጸሐፊዎቹ ብዙዎቹ ከሞቱ ደብተሮቹን ለእኛ ያደረሰው ማነው? ጥያቄው እኛን ትግራይ ውስጥ ቁሓ ያለነውን ሰዎች በቀጥታ ይመለከታል። ለምን እንደሚመለከተን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ፤ መጀመሪያ ዘመኑን እንይ።

ዘመኑ

ሆሎኮስት የሚባለው ናዚ ጀርመንና ተባባሪዎቿ 6 ሚሊዮን ያህል አይሁዶችን የፈጁበት እልቂት ነው። ከእነዚህ ውስጥ 1.5 ሚሊዮን ያህሉ ልጆች ነበሩ። ሂትለር ሥልጣን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። ነገሩ የጀመረው በሕግ ነበር፤ አይሁዳዊ መንግሥት መሥሪያ ቤት እንዳይሠራ፣ ልጁ ከሌሎች ጋር እንዳይማር፣ መናፈሻ እንዳይገባ፣ ቆይቶም ሬዲዮና ብስክሌት እንዳይኖረው ተከለከለ። በ1939 ጦርነቱ ሲፈነዳ በፖላንድ ከተሞች አይሁዶች ከየቤታቸው ተነቅለው ጌቶ በሚባል የታጠረ ሰፈር ታጎሩ። ከ1941 አጋማሽ ጀምሮ በምሥራቅ አውሮፓ በየጫካውና በየገደሉ በጥይት ተረሸኑ፤ ቀጥሎም በባቡር እየተጫኑ በጋዝ ወደሚገደሉባቸው ካምፖች ተላኩ።

ዘመኑ ከእኛ የራቀ እንዳይመስለን አንድ ነገር ላስታውስ። ይስሐቅ ሩዳሼቭስኪ የተባለ የ15 ዓመት ልጅ ቪልና በተባለች ከተማ አጠገብ በፖናር ጫካ የተገደለው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1943 ነው። በዚያው ወር፣ ቀዳማይ ወያነ በተባለው አመጽ ጊዜ፣ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከኤደን ተነሥተው መቐለን ደበደቡ። የዚያን ቀን ከተማው ውስጥ የነበረ አንድ ልጅ ያየውን በደብተር ጽፎ ቢሆን፣ ደብተሩም ቢቆይልን፣ ዛሬ ስንቱን ክርክር ባቀለለልን ነበር።

የይስሐቅ ደብተር

ይስሐቅን ያነሣሁት በአጋጣሚ አይደለም። ከሁሉም ጸሐፊዎች ለእኔ ቅርብ የሆነው እርሱ ነው። ጀርመኖች ቪልና ሲገቡ ዕድሜው 13 ነበር፤ የጻፈው በይዲሽ ነው። በጌቶ ውስጥ ትምህርት ቤት ተቋቁሞ ነበር፤ የወጣቶች ክበብም ነበር። ቤተ መጻሕፍትም ነበር፤ በዲሴምበር 1942 ያዋሳቸው መጻሕፍት ቁጥር 100,000 መድረሱ በበዓል ተከብሯል። በየቀኑ ሰው እየተወሰደ በሚገደልበት ሰፈር መጽሐፍ የሚዋስ ሰው ይህን ያህል መሆኑ ይገርማል። ይስሐቅም በበዓሉ ላይ ነበረ፤ በደብተሩም አስፍሮታል።

ክበቡ የታሪክ ቡድን ነበረው። ወጣቶቹ መጠይቅ አዘጋጅተው ቤት ለቤት እየዞሩ የጌቶውን ነዋሪ ታሪክ ይመዘግቡ ነበር፦ ከየት መጣችሁ፣ ማን ሞተባችሁ፣ አሁን እንዴት ትኖራላችሁ። ይስሐቅ ያን ሥራ ሲገልጽ የታሪክ ጸሐፊ ሙያ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ቀመሰው፤ ሰው መከራውን እየነገረው እርሱ ፊቱን ሳይለውጥ ብዕሩን ማንቀሳቀስ ነበረበት። የሚጽፈው ገና ልጅ ነው። የእርሱ ደብተር ስለዚህ ሁለት ነገር ነው፤ የአንድ ልጅ የግል ምስጢርም፣ የአንድ ማኅበረሰብ መዝገብም።

ማስታወሻው በኤፕሪል 1943 ይቆማል። ጌቶው በሴፕቴምበር ሲፈርስ ቤተሰቡ ከዘመዶቹ ጋር በመደበቂያ ሰገነት ተሸሸገ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ተደረሰባቸው፤ ወደ ፖናርም ተወሰዱ። ሣራ ቮሎሺን የተባለች የአጎት ልጅ ግን አመለጠች፤ ጫካ ገብታ ከአርበኞች ጋር ተቀላቀለች። ቪልና በ1944 ነፃ ስትወጣ ወደዚያ መደበቂያ ተመልሳ ሄደች። የጠፉትን ዘመዶቿን አላገኘችም። ያገኘችው አፈር የለበሰ ደብተር ነው። ሣራ ያን ቀን ያን ደረጃ ባትወጣ ኖሮ ይስሐቅ ለእኛ በዝርዝር ውስጥ ያለ አንድ ስም እንኳ ባልሆነ ነበር።

ሌሎቹን ማን አቆያቸው?

የሎድዙ ዳዊድ ሼራኮቪያክ ማስታወሻ መጻፍ ሲጀምር ገና 15 አልሞላውም ነበር፤ ጦርነቱ ሊነሣ ሁለት ወር ሲቀረው፣ በ1939 ክረምት። ላቲን የሚወድ፣ በትምህርቱ ጎበዝ፣ ድሃ የሆነ ልጅ ነው። ሎድዝ ጌቶ በኤፕሪል 1940 ሲዘጋ ወደ 160,000 የሚጠጋ ሰው ተቆለፈበት። የዳዊድ ደብተር ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ የምግብ መዝገብ ይሆናል፦ ዛሬ ስንት ግራም ዳቦ ታደለ፣ ድንቹ በስብሷል፣ ሾርባው ውኃ ነው። ከአባቱ ጋር በዳቦ ድርሻ መጋጨቱን ሳይደብቅ ይጽፋል። በሴፕቴምበር 1942 ለሥራ የማይችሉ ተብለው ከተለዩት ጋር እናቱ ተወሰደች። አባቱ በቀጣዩ ዓመት ሞተ። ዳዊድም በኦገስት 1943 በረሃብና በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ 19 ዓመቱ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ የቤቱ የቀድሞ ነዋሪ የነበረ ፖላንዳዊ ወደ ቤቱ ሲመለስ ደብተሮቹን ምድጃው ላይ ተደርድረው አገኛቸው። አምስት ደብተሮች ተረፉ። በመካከላቸው የወራት ክፍተት አለ፤ የጎደሉት በዚያ ብርድ ለማገዶ ሳይውሉ አልቀሩም ተብሎ ይታመናል። ያነደዳቸውን ሰው ለመውቀስ ይከብዳል። በከበባ ጊዜ ከሰል ያጣ ሰው ምን እንደሚያነድ እኛ እናውቃለን።

ፕሸሚሽል በተባለች የፖላንድ ከተማ ሬኒያ ሽፒግል ከ1939 እስከ 1942 ድረስ ወደ 700 ገጽ ጻፈች። ግጥም ትጽፋለች፤ በፍቅር ትናፍቃለች፤ እናቷ በጀርመን በተያዘው ሌላኛው ወገን ስለቀረች በየገጹ ትጠራታለች። ፍቅረኛዋ ዚግሙንት ሽቫርትዘር ሰገነት ላይ ደበቃት፤ በጁላይ 30 ቀን 1942 ግን ተደርሶባት ተገደለች። ዕድሜዋ 18 ነበር። የመጨረሻዎቹን ጥቂት መስመሮች የጻፈው እርሱ ነው። እርሱ ራሱ ኋላ አውሽቪትዝ ወደተባለው ካምፕ ተልኮ ተረፈ። ደብተሩን ለሌላ ሰው ሰጥቶት ስለነበር ያም ተረፈ፤ ከዓመታት በኋላ ኒው ዮርክ ለነበሩት እናቷ አደረሰላቸው። ከዚያ በኋላስ? ደብተሩ ለአሥርት ዓመታት በባንክ ካዝና ተቆለፈበት። እናትም እህትም ሊያነቡት አቅም አጡ። በፖላንድ የታተመው በ2016 ነው። ይህን የማነሣው ለምክንያት ነው፤ ሐዘንተኛ ቤተሰብ ደብተሩን ቶሎ እንዲያወጣ መገፋፋት ተገቢ አይደለም። ማቆየት ራሱ በቂ ሥራ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ሩትካ ላስኪየር ደግሞ የጻፈችው በ1943 ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ድረስ ነው። ቤንጂን በተባለች ከተማ ቤተሰቧ የሠፈረበት ቤት ከአንድ ክርስቲያን ቤተሰብ ተነጥቆ በጌቶው የተካተተ ነበር። ሩትካ ከባለቤቶቹ ልጅ ከስታኒስዋቫ ሳፒንስካ ጋር ተዋወቀች፤ ከሄድኩ ደብተሬን ደረጃው ሥር፣ ወለሉ ሳንቃ ውስጥ ታገኚዋለሽ አለቻት። ስታኒስዋቫም ከጦርነቱ በኋላ አወጣችው። ከ60 ዓመት በላይ ቤቷ አስቀመጠችው። ይፋ የሆነው በ2006 ነው፤ በዓመቱ ያድ ቫሼም ተረከበው።

በሃንጋሪ ቁጥጥር ሥር በነበረችው ናጅቫራድ የኤቫ ሄይማን ደብተር የተረፈው በቤቱ ምግብ አብሳይ በማሪሽካ እጅ ነው። ኤቫ የጀመረችው በ13ኛ የልደት ቀኗ፣ በፌብሩዋሪ 13 ቀን 1944 ነው፤ ከሦስት ወር ተኩል በኋላ አበቃ። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ጀርመኖች ገቡ፤ ቀዩ ብስክሌቷ ተወሰደ፤ ጌቶ ተዘጋ፤ ባቡሩ ቀረበ። በአውሽቪትዝ የተገደለችው በኦክቶበር 1944 ነው።

የአና ፍራንክንም ታሪክ ከዚህ አንጻር መልሶ ማየት ይጠቅማል። በአማርኛም «የአና ማስታወሻ» ተብሎ ስለተተረጎመ ብዙ ሰው ያውቃታል። አና ደብተሩን ያገኘችው 13ኛ ዓመቷን በያዘችበት ቀን፣ በጁን 12 ቀን 1942 ነው። ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ቤተሰቡ አምስተርዳም ከአባቷ ንግድ ቤት ጀርባ ተደበቀ፤ በጠቅላላ ስምንት ሰዎች ነበሩ። በኦገስት 4 ቀን 1944 ፖሊስ ሲደርስባቸው አንዱ መኮንን ገንዘቡንና ጌጣጌጡን የሚከትበት ዕቃ ፈለገ። የአባቷን ቦርሳ አንሥቶ ውስጡ ያለውን ወረቀት ወለሉ ላይ ዘረገፈው፤ ያ ወረቀት የአና ጽሑፍ ነበር። ወረቀቱን ከወለሉ የለቀሙት ቤተሰቡን ይረዱ ከነበሩት ሴቶች መካከል ሚፕ ሂስና ባልደረባዋ ናቸው። ሚፕ ሳታነበው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው። ኋላ እንደተናገረችው፣ አንብባው ቢሆን ኖሮ ታቃጥለው ነበር፤ የረዷቸው ሰዎች ስም ሁሉ ተጽፎበት ነበርና። አና በ1945 መጀመሪያ ላይ በበርገን-ቤልዘን ካምፕ ሞተች። ከስምንቱ የተረፈው አባቷ ኦቶ ብቻ ነው፤ መጽሐፉ በጁን 1947 ታተመ።

አቆዪዎቹን እንመልከታቸው፦ የአጎት ልጅ፣ ፍቅረኛ፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፣ የቤት አብሳይ፣ ጎረቤት፣ ስሙን ለማያውቀው ሰው ደብተር የራራ ባለቤት። ተቋም አልነበረም፤ በጀት አልነበረም። አንዳንዶቹ ከተያዙ የሚገደሉበት ነገር ነው በእጃቸው የያዙት።

አስበውበት የቀበሩም አሉ

ሁሉም በአጋጣሚ አልተረፈም። በዋርሶ ጌቶ አማኑኤል ሪንገልብሉም የተባለ የታሪክ ምሁር 60 ያህል ሰዎች ያሉበት ምስጢራዊ ቡድን አደራጀ። ኦይነግ ሻቤስ ይባላል። የሰበሰቡት ከባድ ታሪክ ብቻ አልነበረም፦ የትምህርት ቤት ልጆች የጻፉት ድርሰት፣ የራሽን ካርድ፣ የከረሜላ ወረቀት፣ የቲያትር ማስታወቂያ፣ የግል ማስታወሻ። በ1942 ክረምት ማጓጓዙ ሲጀምር የመጀመሪያውን ክምችት በቆርቆሮ ሣጥኖች፣ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ሁለተኛውን በወተት ጋኖች አድርገው ቀበሩት። ከቀበሩት አንዱ ዳዊድ ግራበር የ19 ዓመት ልጅ ነበር፤ ከሣጥኑ ጋር የራሱን ኑዛዜ ጨምሯል። ከቡድኑ የተረፉት ሦስት ሰዎች ናቸው። ፍርስራሹ ተቆፍሮ የመጀመሪያው ክምችት በሴፕቴምበር 1946፣ ሁለተኛው በዲሴምበር 1950 ወጣ። በጠቅላላው 35,000 ገጽ ያህል ነው። ቆርቆሮ ሣጥኖቹ ውኃ አስገብተው ስለነበር ከመጀመሪያው ክምችት የተጎዳው ብዙ ነው፤ በወተት ጋኖቹ ያለው በጣም የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ሦስተኛ ክምችት እንደነበረ ይነገራል፤ አልተገኘም።

ፕራግ ተወልዶ ቴሬዚን ካምፕ የገባው ፔትር ጊንዝም እንዲሁ ያስብ ነበር። በ14 ዓመቱ «ቬደም» የሚባል ሳምንታዊ የእጅ ጽሑፍ መጽሔት ጀመረ፤ ጓደኞቹ በመኝታ ክፍላቸው እየተሰበሰቡ ያነቡት ነበር። ልጆቹ አንድ በአንድ ሲወሰዱ፣ መጨረሻ የቀረው ልጅ ወደ 800 የሚጠጋ ገጽ ቀበረ፤ ከጦርነቱ በኋላም አወጣው። ፔትር በ1944 አውሽቪትዝ ተገደለ። ምድርን ከጨረቃ ላይ ሆኖ እንደሚያይ አድርጎ የሳላትን ሥዕል ቅጂ እስራኤላዊው ጠፈርተኛ ኢላን ራሞን በኮሎምቢያ መንኮራኩር ይዟት ወጣ። መንኮራኩሯ ስትመለስ የተበተነችው በፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 ነው፤ ፔትር ቢኖር 75 ዓመት የሚሞላበት ቀን። ዜናው ሥዕሉን ሲያሳይ ፕራግ የነበረ አንድ ሰው፣ ቤቱ ሰገነት ላይ ያገኛቸው አሮጌ ደብተሮች የዚህ ልጅ እንደሆኑ ገባው። ካምፕ ከመግባቱ በፊት የጻፈው ማስታወሻ እንዲህ ነው የተገኘው፤ እህቱም አሳተመችው።

እንዴት ይነበባሉ?

ትዝታና የዕለት ማስታወሻ አንድ አይደሉም። ሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ»ን የጻፉት ከጣሊያን ጦርነትና ከእስራታቸው ብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ ፍጻሜውን ያውቃሉ፤ ምን መቅደም፣ ምን መቅረት እንዳለበትም ያውቃሉ። የዕለት ማስታወሻ ጸሐፊ ነገን አያውቅም። ዛሬ የሰማው ወሬ ውሸት ሊሆን ይችላል፤ ይጽፈዋል። ነገ ጦርነቱ የሚያበቃ ይመስለዋል፤ ይጽፈዋል። ደብተሩን ውድ የሚያደርገው ይኸው አለማወቁ ነው፤ ሰው በመከራ ውስጥ ሆኖ ምን ተስፋ እንዳደረገና በምን እንደተታለለ ከዚያ ውጭ የሚገኝበት ቦታ የለም።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። አና ራሷ በ1944 የጸደይ ወራት፣ ለንደን የነበረው የሆላንድ መንግሥት ሚኒስትር በሬዲዮ ሕዝቡ ማስታወሻዎቹንና ደብዳቤዎቹን እንዲያቆይ ሲጠይቅ ሰምታ፣ ደብተሯን ለኅትመት ስትል እንደገና መጻፍ ጀመረች። ሁለቱም ጽሑፎች የእርሷ ናቸው፤ አንባቢ ግን የትኛውን እንደሚያነብ ማወቅ አለበት። በኤቫ ሄይማን ላይ ያለው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል፤ ደብተሩን በ1948 ያሳተሙት እናቷ ናቸው፤ የእጅ ጽሑፉ አልተገኘም፤ ስለዚህ እናት የጨመሩት ነገር አለ ወይ የሚለው ክርክር አላበቃም። ይህ የሆነው ደብተሩ ራሱ ስላልቆየ ነው። ለእኛም ትምህርት አለው፦ የተገለበጠ ወረቀት የዋናውን ቦታ አይተካም።

ሌላው ደግሞ፣ ደብተሮቹ የተጻፉት በሞት ካምፕ ውስጥ አይደለም። አብዛኛዎቹ ከካምፑ በር ላይ ያበቃሉ። የአናም ደብተር መጨረሻው ኦገስት 1 ቀን 1944 ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን የነገሩን የተረፉት ናቸው። የአናን ደብተር ዘግቶ ሆሎኮስትን አወቅሁ የሚል አንባቢ በሩ ላይ ቆሞ የቀረ ነው።

ወደ እኛ

የሁለት አገር መከራን በሚዛን ማስቀመጥ አልፈልግም፤ የሆሎኮስት ግፍ በራሱ የሚታወቅ ነው። ደብተር ግን ደብተር ነው፤ በየትም ቦታ የሚጠፋበት መንገድ ተመሳሳይ ነው።

በአገራችን የጽሑፍ ልማድ የሊቃውንትና የቤተ መንግሥት ሆኖ ስለቆየ የግል የዕለት ማስታወሻ ጥቂት ነው። ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ ለብዙ አሥርት ዓመታት ማስታወሻ ይይዙ ነበር፤ የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ግን በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከጣሊያኑ ገዢ ከግራዚያኒ መቁሰል በኋላ በተደረገው ጭፍጨፋ ተገደሉ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ፣ ወላጆች የልጆቻቸውን መጽሐፍና ወረቀት ራሳቸው አቃጠሉ፤ ጉድጓድም ጨመሩት። ከዚያ ትውልድ ዛሬ በእጃችን ያለው በአብዛኛው ከዓመታት በኋላ የተጻፈ ትዝታ ነው። ልጆቹ በዚያው ሌሊት የጻፉት አመድ ሆኗል።

ቁሓን ላንሣ። የትግራይ ጦርነት ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ከተጀመረ እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ፣ ስልኩ ጠፍቶ፣ ባንኩ ተዘግቶ፣ መብራቱ እየጠፋ የኖርንበትን ጊዜ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ትምህርት ቤቶች ከኮሮናው ጊዜ ጋር ተደምሮ ሦስት ዓመት ገደማ ዘግተዋል። በዚያ ዘመን ኢንተርኔት ስላልነበረ በስልክ የተቀረጸና በየገጹ የተለጠፈ ነገር እንደሌላው አገር አልበዛም፤ ልጅ የሚነግረው ነገር ቢኖረው የሚነግረው ለወረቀት ነበር። የጤፍና የዘይት ዋጋ የጻፈ፣ የጠፋ ወንድሙን ስም የመዘገበ፣ የአውሮፕላን ድምፅ የሰማበትን ሰዓት ያሰፈረ፣ ለማይደርስ ሰው ደብዳቤ የጻፈ ልጅ በየሰፈሩ ይኖራል ብዬ አምናለሁ። በትግርኛ ይጻፈው፣ በአማርኛ፣ ወይም ግማሹን በእንግሊዝኛ። የሎድዙ ልጅ አራት ቋንቋ ቀላቅሏል።

እነዚህ ደብተሮች አሁን ያሉበትን አደጋ ማሰብ ነው የሚያስጨንቀኝ። ያኔ 14 ዓመቱ የነበረ ልጅ ዛሬ ሰው ሆኗል፤ ወይ ተሰዷል፣ ወይ ሥራ ፍለጋ ሄዷል፣ ወይ ሞቷል። ደብተሩ ከትምህርት ቤት ደብተሮች ጋር በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ አልጋ ሥር ነው ያለው። ያን ከረጢት አንድ ቀን እናት አውጥተው ለእሳት ማቀጣጠያ ወይም ለቆሎ መጠቅለያ ለባለ ሱቅ በኪሎ ይሰጡታል። ክፋት የለበትም፤ ምን እንዳለበት የነገራቸው የለም።

ስለዚህ ቤት ውስጥ ያለውን አሮጌ ደብተር ከመጣል በፊት ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ማየት የመጀመሪያው ነገር ነው። የሂሳብ ደብተር ከኋላው ሌላ ነገር ሊኖረው ይችላል። የግል ማስታወሻ ከሆነ ባለቤቱ እስኪገኝ ድረስ ማንበብም ላያስፈልግ ይችላል፤ ሚፕ ሂስ ሳታነብ ነው ያቆየችው። ባለቤቱ በሕይወት ካለ ፈቃዱ የእርሱ ነው፤ አታሳዩ ካለ አይታይም። ከሌለ የቤተሰቡ ነው። በውስጡ ዛሬም ሊጎዱ የሚችሉ ሰዎች ስም ካለ፣ በተለይ ስለ ተደፈሩ ሴቶች የተጻፈ ከሆነ፣ ለማንም ፎቶ አንሥቶ መላክ ወይም በፌስቡክ መለጠፍ ነውርም አደጋም ነው።

ስለ አያያዙ ጥቂት ልበል። የተቀደደውን በፕላስተር አታጣብቁት፤ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ወረቀቱን ይበላዋል። ላሚኔት አታድርጉት። እርጥበት ስለሚያፍን በላስቲክ ጠቅልላችሁ አታሽጉት፤ የዋርሶውን የቆርቆሮ ሣጥኖች አስታውሱ። ደረቅ የካርቶን ሣጥን ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከማድቤት ጭስና ከምስጥ ርቆ ቢቀመጥ ይበቃል። ፊደሉን አታርሙ፤ ስሕተቱም የልጁ ነው። የደበዘዘውን በእስክሪብቶ አታድምቁት። ባለቤቱ ከፈቀደ እያንዳንዱን ገጽ፣ ባዶውንና ሽፋኑን ጨምሮ፣ በቀን ብርሃን በስልክ አንሡና ቅጂውን ሌላ ቤት ወይም ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ስጡ። ያን ጊዜ አንዱ ቤት ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል።

ለተቋም መስጠት የሚፈልግ ካለ መቐለ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ወመዘክር የሚባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት እንዲሁም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አሉ። ከመስጠት በፊት ግን በጽሑፍ መነጋገር ያስፈልጋል፦ ማን እንዲያነበው ይፈቀዳል፣ ለስንት ዓመት ዝግ ሆኖ ይቆያል፣ ዋናው ይቀራል ወይስ ቅጂው ብቻ ነው የሚሰጠው። መልስ የማይሰጥ ተቋም ካጋጠመ ደብተሩን ይዞ መመለስ ነው። የሬኒያ ሽፒግል ደብተር እርሷ ከተገደለች በኋላ እስኪታተም ድረስ 74 ዓመት ጠብቋል።

መምህራንም አንድ ነገር ማድረግ ትችላላችሁ። የይስሐቅ የታሪክ ቡድን የትምህርት ቤት ልጆች ስብስብ ነበር። ለተማሪዎቻችሁ የዚያን ዘመን ማስታወሻ ጻፉልኝ ብላችሁ ነጥብ አትስጡበት፤ ቁስሉን በግድ መክፈት ይሆናል። ይልቅስ ደብተር ያለው ልጅ እንዴት እንደሚያቆየው አስተምሩት፤ የሰፈሩን ሽማግሌዎች መጠየቅ ለሚፈልግ ደግሞ እንዴት ጠይቆ፣ ቀንና ቦታ ጽፎ፣ ፈቃድ ወስዶ እንደሚመዘግብ አሳዩት።

በቤታችሁ እንዲህ ያለ ደብተር ካለ፣ በተለየ ወረቀት ላይ በእርሳስ የጸሐፊውን ስም፣ ሰፈሩን፣ የጻፈበትን ወርና ዓመተ ምሕረት፣ ደብተሩ በማን እጅ እንዴት እንደቆየ ጻፉና አብራችሁ አስቀምጡት። ይህን ዛሬ ማታ አድርጉት፤ የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ።